ራስ የሌላቸው የአባቴ ወታደሮች

የአባቴ ወታደሮች ራስ የላቸውም። ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁሉ ባለመስታወቱን ቁም ሳጥን ሲያይ «ውይ! ማን ጨከነባቸው?» ይላል። እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ነው የቆረጥኳቸው፤ የሚያሳፍረኝ ነገር የለም።

አባቴ ኮምቦልቻ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ጠዋት ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዳል፣ ማታ ይመለሳል። እዚያ ለፋብሪካ ማሽን ሊተክል ከመጣ ፈረንጅ ጋር ተወዳጀ። ሰውዬው ጣት የማያክሉ፣ ከእርሳስ የተሠሩ ወታደሮች ነበሩት፤ እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ከበሮ መቺ። ሁለቱ ጠረጴዛ ላይ ያሰልፏቸውና ሉዶ እንደሚጫወት ሰው ዳይስ እየጣሉ፣ በማስመሪያ እየለኩ ያዋጓቸዋል። ፈረንጁ ሻዩን፣ አባቴ ጫቱን ይዞ። አባቴ ምርቃናው ሲመጣ ፈረሰኛውን ሁሉ ባንዴ ይለቅበታል። ሲሸነፍ ደግሞ «ወላሂ፣ ጫቱ ነው የከዳኝ» ይላል። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ ወታደሮቹን ለአባቴ ትቶለት ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ የአባቴ ተጋጣሚ እኔ ሆንኩ።

አባቴ የሞተው መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ነው፤ አላህ ይዘንለት። ሰደቃው እንዳለቀ ታላቅ ወንድሙ፣ ሐጅ አድርገው የመጡት አጎቴ፣ ልብሱን ለምስኪን ሊሰጡ ሳጥኑን ከፈቱ። ከልብሱ ሥር ወታደሮቹ ተደርድረዋል።

«አስተግፊሩላህ! ይሄ ምንድን ነው?»

«የአባቴ ነው፣ አጎቴ። መጫወቻው ነው።»

«ምስል ባለበት ቤት መላኢካ አይገባም! ወንድሜ በቀብሩ እየተጠየቀ ቤቱ ውስጥ ጣዖት ይሰለፍበታል? ውሰዱና ይቅለጥ!»

«አይቀልጥም!» አልኩ።

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሴት ልጅ፣ ያውም በአባቷ ለቅሶ፣ ሐጅ ያደረጉ አጎቷን! አንዷ አክስቴ «አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም?» ብላ ቆነጠጠችኝ። ሳጥኑን ጭኔ ላይ አቅፌ ቁጭ አልኩ። ከአባቴ የቀረኝ ሌላ ምን አለ? ልብሱ ለምስኪን፣ ሱቁ ለወንድሞቼ። እሱ ነክቶ ያንቀሳቀሰውን ነገር ልቀቂ ስባል ደሜ ፈላ።

አጎቴ ውዱእ አድርገው፣ ሰግደው ተመለሱ። እጃቸው ላይ ፒንሳ ነበር።

«ራስ የሌለው ምስል፣ ምስል አይባልም። ከፈለግሽ ራስ ራሳቸውን ቁረጪና አስቀምጪ። ካልሆነ እሳት ይገባሉ።»

እንደማልችል ገምተው ነው። አልቅሼ ሳጥኑን የማስረክባቸው መስሏቸዋል። እልህ ግን ምላጭ ያስውጣል፤ ፒንሳውን ተቀበልኩ። እርሳስ ለስላሳ ነው፣ ብዙ አይታገልም። አባቴ የሚወደውን ከበሮ መቺ አስቀደምኩ፤ እሱን ከቻልኩ ሌላው አያቅተኝም ብዬ። እያለቀስኩ ሁሉንም ቆረጥኩ። ራሶቹን አጎቴ ሰብስበው አቀለጡ፤ የቀረው የኔ ሆነ። ሐቁን ልናገር፣ ሰውዬው ቃላቸውን ጠብቀዋል። ኋላ አንድ ጎረቤት «ልጅቷ ጣዖት ታስቀምጣለች» ብሎ ቢያማኝ «ራስ የለውም ተብሏል እኮ! ምን ሆንክ አንተ?» ብለው የጮኹበት እሳቸው ናቸው።

ዓመታት አለፉ። ደሴ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ሲከፈት እንዲህ ያሉ ወታደሮችን የሚሰበስቡ ሰዎች በየአገሩ እንዳሉ አወቅኩ። የማን ሥራ እንደሆነ የሚለዩት በእግሩ መቆሚያ ሥር በተቀረጸው ፊደልና በቁመቱ ነው። ቁመቱን የሚለኩት ደግሞ ከእግር እስከ ዓይን! የኔዎቹ ዓይን የት አባቱ አለና? እኔም ከእግር እስከ ቀበቶ ለካሁ። የኮታቸውን ጅራት፣ የጥይት ቦርሳቸውን፣ ጎራዴያቸው የተንጠለጠለበትን ጎን እያየሁ ኢንተርኔት ላይ ካገኘሁት ፎቶ ጋር አስተያየሁ። ባለቤቴ «ፊት የሌለው ወታደር ምኑ ይታወቃል?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ሰው በፊቱ ብቻ ነው እንዴ የሚታወቀው? አባቴን ገና ከሩቅ፣ በጀርባው፣ በአረማመዱ እለየው የለም ወይ! አንድ በአንድ ለየኋቸው።

በመጨረሻ ከአዲስ አበባ አንድ ሰብሳቢ ወሬውን ሰምቶ ቤቴ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ እውቀቱም ከኔ ይበልጣል። እያገላበጠ በማጉያ መነጽር አየ። የፊደሉ ጠርዝ ገና ስላልደነዘዘ እርሳሱ ቀልጦ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ አዲስ ሳለ የተሠሩ ናቸው አለኝ። ያንን አላውቅም ነበርና ደስ አለኝ። ከዚያ ከበሮ መቺውን አንስቶ አንገቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ።

«አያሳስብዎት» አለ። «ትክክለኛውን ራስ ከውጭ አስመጣለሁ። በብየዳ ተቀጥሎ ቀለም ሲቀባ መቆረጡን ማንም አያውቅም።»

ማንም አያውቅም! ያን ሁሉ ያለቀስኩት ማንም እንዳያውቅ ነው? ከበሮ መቺውን ከእጁ ተቀበልኩት።

«ስማኝ ወንድሜ» አልኩት። «ይሄ አንገት ባይቆረጥ ዛሬ የምታየው አንድም ወታደር አይኖርም ነበር። ከእግር እስከ ትከሻ የየትኛው ፋብሪካ ሥራ እንደሆኑ አንተ ንገረኝ፣ እሰማሃለሁ። አንገታቸው ግን የኔ ሥራ ነው።»