ተኛ የተባለው ቧንቧ ሠራተኛ

የወንድሟ ሚስት ከሆስፒታል ስትደውል እህትየው የተዘፈዘፈ ልብስ ላይ አጎንብሳ ነበር። «አረፈ» አለቻት። እህትየው እጇን ሳታደርቅ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከእንባ በፊት የመጣባት ንዴት ነበር።

ወንድሟ ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ሰፈሩ «ብሎን» ይለው ነበር፤ አጭርና ደንደን ያለ፣ አንዴ አንድ ነገር ውስጥ ከገባ ነቅሎ የሚያወጣው የሌለ ሰው። የጉበት ካንሰር ሲገኝበት ሐኪሙ በቀዶ ጥገና እንደማይወጣ፣ ግን በብሽሽቱ የደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብተው መድኃኒቱን እዚያው ዕጢው ላይ እንደሚለቁት አስረዳቸው። ሚስቱና እህቱ አንገታቸውን ደፉ። የብሎን ፊት ግን በራ። ዋናውን መስመር ሳይነኩ ቅርንጫፉን መዝጋት እኮ ነው፣ ዕድሜዬን ስሠራው የኖርኩት ነው ብሎ ሐኪሙን አሳቀው።

የመጀመሪያው ዙር በሰላም አለቀ። የቀረው የተወጋው ብሽሽቱ እንዳይደማ እግሩን ዘርግቶ እስኪመሽ መተኛት ብቻ ነበር። የክፍሉ እጅ መታጠቢያ ግን ጠብ ጠብ ይላል። ነርሷ ካመለከተች ሰንብታለች፤ ሰሚ አልተገኘም። እህትየው ለአፍታ ወጣ ብላ ስትመለስ ብሎን ቆሞ፣ በማንኪያ እጀታ ቧንቧውን ሲፈታ አገኘችው። የለበሰው ጋውን ከታች ቀልቷል።

«አንተ፣ ተኛ ተብለህ የለም እንዴ?»

«እታለም፣ ውሃ ሲባክን እየሰማሁ ምን እንቅልፍ ይወስደኛል?»

«የራስህ ደምስ ሲባክን?»

ዝቅ ብሎ አየው። «እሱን ደግሞ በደንብ አላጠበቁትም» አለ።

ነርሷ ተጭና ደሙን አቆመችው። ብሽሽቱ ግን አብጦ ጠቆረ፤ ሁለተኛው ዙር እስኪድን ተላለፈ። እሱ ሲድን የሕክምናው መሣሪያ ተበላሸ። መሣሪያው ሲጠገን የብሎን ዓይን ቢጫ ሆኗል፣ ሆዱ ውሃ ቋጥሯል። ሐኪሙ ከእንግዲህ ጉበቱ መድኃኒቱን አይችለውም አለ። በጊዜው ቢደረግለትም ላይተርፍ ይችል እንደነበር፣ ብሎን ካረፈ በኋላ ለእህትየው ደጋግሞ ነገራት። አልተዋጠላትም። በማን እንደምትናደድ ግን ጠፋባት፤ በወንድሟ እንዳትናደድ ሞቷል፣ በመሣሪያው እንዳትናደድ ብረት ነው።

ከቀብሩ በኋላ ጫማውንና ብርድ ልብሱን ልትወስድ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። አልጋው ላይ ሌላ በሽተኛ ተኝቷል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። የብሎን ሁለተኛ ዙር አልተሰጠም። ቧንቧውም አልተሠራም።