ያልተቃጠለው ቀኝ እጅ

ዘይባ ቡታጅራ ገበያ ዳር ባለ መጋዘን ዛላ በርበሬ መቀንጠስ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት አልፏታል። ሥራው እጅ ያቃጥላል፤ ቢታጠቡት፣ ዘይት ቢቀቡት አይተውም። አንድ ሰኞ ግን ግራ እጇ ብቻ ተቃጠለ። ቀኙ ዝም አለ።

«ታድለሽ፣ ለመደልሽ» አለቻት አብራት የምትቀነጥሰው ሰፍያ። ሴቶቹ ሳቁ። ዘይባ ተናደደች። አሥራ አንድ ዓመት ያልለመደ እጅ በአንድ ቀን ይለምዳል? ያውም አንዱ ብቻ?

ነገሩ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ጥርሷን ካስነቀለች ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት ያተኩሳት ነበር፤ አማቷ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሽተው ሰጧት። ባሏን ሙከሚልን በወንድሙ ስም ስትጠራው እሱ ደግሞ «ጂን ነው» አለ። ከሰኞው በኋላ ክሊኒክ ያገኘችው ባለሙያም እጇን አገላብጦ አየና «ነርቭ ነው፣ ከበርበሬው ነው» ብሎ የቫይታሚን መርፌ ወጋት። ልጅ ሳለች መገጣጠሚያዋን እያመማት በየወሩ መርፌ ትወጋ እንደነበር ልትነግረው ስትል ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

ሐሙስ ዕለት ሥራ ላይ የበርበሬው ቁና ከእጇ ወደቀ። ብታነሳው ደግሞ ወደቀ። ሻሿን በግራ እጇ እየታገለች አሰረችና ቤቷ ገብታ ባሏ ፊት ቆመች።

«ሙከሚል፣ ባጃጅ ጥራ። የምሞት ከሆነም ሐኪም አይቶኝ ልሙት።»

ሆስፒታል የተቀበለቻት ዶክተር ከእጇ በፊት ደረቷን አዳመጠች። ቆይታ አዳመጠች።

«ልብሽን ያዳመጠው ሰው አለ?»

«ማን ያዳምጠዋል? ሁሉም እጄን ነው ያየው።»

ዶክተሯ በቀላሉ አስረዳቻት። የልቧን በር የልጅነት ሕመሟ ጎድቶት ኖሯል። በጥርሷ ቁስል የገባ ጀርም እዚያ ተቀመጠ፤ ከዚያ የተነሳ ቁራጭ ደግሞ አንጎሏ ውስጥ የደም ሥር ዘጋ። የእጇ መደንዘዝም ስም መሳሳቷም ከልቧ የመጣ ነው። ስድስት ሳምንት ተኝታ በደም ሥሯ መድኃኒት መውሰድ አለባት።

በአራተኛው ሳምንት ሰፍያ ልትጠይቃት መጣች፤ ዘይባ አምጪልኝ ብላ የላከችባትን ዛላ በርበሬ ይዛለች። ዘይባ ሰባብራ ቀኝ እጇን አሸችበትና ያቃጥላት እንደሆነ ተቀምጣ ጠበቀች። ቆይቶ አውራ ጣቷ መቃጠል ጀመረ።

«አንዱ መጣ» አለች።

«አልሐምዱሊላህ» አለ አልጋዋ አጠገብ የነበረው ሙከሚል። እሷም አለች። ከዚያ የቀሩትን አራት ጣቶች ፊቱ ዘረጋችለት።

«እነዚህንስ ከማን ልጠይቅ? ከጂኑ?»