ወንድምዎ ነው ያሉኝ ሰው

መቼ እንደሆነ በውል አላስታውስም። ስንዴው ገና አልታጨደም ነበር፤ ዓመቱን ግን ልጆቼም አያውቁልኝም። ነገሩን የማልረሳው የገዛ ወንድሜን አላውቀውም ብዬ ከደጄ ልመልሰው ትንሽ ስለቀረኝ ነው።

ታላቅ ወንድሜ አንዳርጌ ክራረኛ ነበር። ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ያወጣል። ክራሩን ከድምፅ ማጉያ ጋር አያይዞ ደብረ ማርቆስ ሲጫወት ሰው አጥር ላይ ይንጠለጠል ነበር። ዘፈኑ እስከ ዛሬ በየሰርጉ ይዘፈናል። እሱ ከሞተ ግን ብዙ ዘመኑ ነው፤ አንድ ፎቶ እንኳ አልቀረንም። መልኩ ከዓይኔ እየጠፋ ያስጨንቀኝ ነበር።

አምበር ከተማ ካለው ቤቴ አንድ ጎልማሳ በባጃጅ መጣ። ከአዲስ አበባ ነኝ አለ።

«አባባ፣ የወንድምዎ ፊልም ተገኝቷል። ድሮ ፈረንጆች ያነሱት ነው። ይዩትና እሱ ነው ብለው በካሜራ ይናገሩልን።»

አላመንኩትም። ይሄ ሰው ምን ፈልጎ ነው አልኩ በልቤ። የሞተ ሰው በስልክ ላይ የሚናገር አስመስለው ያታልላሉ ሲባል ሰምቻለሁ። የማላውቀውን ሰው ወንድሜ ነው ብዬ ብመሰክርስ፣ አንዳርጌ ምን ይለኛል?

ኮምፒውተሩን ከፈተ። ፊልሙ ድምፅ የለውም። የሰርግ ዳስ ነው፤ መሀል ላይ አንድ ክራረኛ ቆሟል። ይመስላል፣ ደግሞ አይመስልም። ኋላ እጁን አየሁ። በቀኙ ነው የሚመታው።

«ወንድሜ ግራኝ ነበር» አልኩት። «በቀኙ ክራር ሲመታ ያየው ሰው የለም። ይሄን ሌላ ቤት ወስደህ አሳይ፣ ልጄ።»

ተከራከረኝ። በተከራከረ ቁጥር እኔም ጥርጣሬዬ ባሰ። ጋቢዬን አጣፍቼ ልሸኘው ተነሳሁ።

ባለቤቴ ከኋላችን ቆማ ታይ ነበር። አንዳርጌን አታውቀውም፤ የተጋባነው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። እኔ ክራረኛው ፊት ላይ ሳፈጥ እሷ እድምተኛውን ታይ ኖሯል።

«ቆዩ እስቲ» አለች። «ይሄ ሁሉ ሰው ምን ነክቶት ነው በግራው የሚበላ? ቄሱ ሳይቀሩ በግራቸው ይጎርሳሉ። ምን ዓይነት ሰርግ ነው?»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ሳቀ። «ሲቀዳ ግራና ቀኙ ተገልብጧል» አለና አንድ ነገር ነካካ።

እድምተኛው በቀኙ ጎረሰ። ክራሩም ወደ ግራ እጅ ዞረ። ያ ሲመስል ሲጠፋብኝ የነበረው ፊት የአንዳርጌ ሆነ፤ ሲጫወት አገጩን ወደ ጎን ያደርጋት ነበር፣ ፊልሙም ላይ እንደዚያው አድርጓታል። ቁጭ አልኩ። ለካሜራው የተናገርኩትን አላውቀውም።

ዛሬም እንግዳ ሰው ሲመጣ መጠርጠሬን አልተውኩም። ፊልሙን ግን ልጆቼ በስልካቸው ይዘውታል፤ ሲናፍቀኝ አስከፍቼ አየዋለሁ። ያን ቀን ሰውየውን ብሸኘው ኖሮ ይሄን ፊት ዳግም አላየውም ነበር። ያቆየችልኝ ባለቤቴ ጥሩወርቅ ናት።