የዋልተር መርዶ

የእህቴ ባል ጋሽ በየነ ስለ ቤዝቦል ምንም አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቤቱ የመጣ ሰው ሁሉ ያን ሁሉ የቤዝቦል ፖስትካርድ ሲያይ «ለካ ስፖርት ትወዳለህ» ስለሚለውና እኔም መስማት ስለሰለቸኝ ነው። ካናዳ ከገባ ጀምሮ ጡረታ እስኪወጣ የሠራው ዳውንታውን፣ ከስታዲየሙ አጠገብ ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። ጨዋታ ባለበት ቀን ከመስታወት ቤቱ ሆኖ የሕዝቡን ጩኸት ይሰማል። ጩኸቱ ሲያልቅ መኪኖቹ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ሒሳብ ይቀበልና የመውጫውን ብረት ያነሳላቸዋል። ውስጥ ገብቶ ግን አንድም ቀን ጨዋታ አይቶ አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው አንድ ደንበኛ ከኪሱ ሳንቲም ሲያወጣ አሮጌ ፖስትካርድ ጥሎበት በሄደ ጊዜ ነው። ከፊት ለፊቱ ካልሲያቸውን እስከ ጉልበት የሳቡ ወጣቶች የቤዝቦል ዱላቸውን ይዘው ተደርድረዋል። ከጀርባው የእጅ ጽሑፍ አለ። ሰውየው ተመልሶ ይመጣል ብሎ አስቀመጠለት፤ አልመጣም። ጽሑፉ ደግሞ ያ ፊደሉ ሁሉ እየተያያዘ የሚጻፈው የድሮ እንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ሞክሬ ትቼዋለሁ። እሱ ግን በየሺፍቱ ካርዱን እየዘረጋ፣ ደግ መስሎ የታየውን ደንበኛ ሁሉ እየጠየቀ፣ ቀስ በቀስ ፈታው። «ዝናብ ጥሎ ጨዋታው ቀረ። የእማማን ሳሙና እንዳትረሺ» ነው የሚለው። በቃ፣ ይኸው ነው።

«እስኪ አስቢው ጽዮን» አለኝ። «የጻፈውም ሞቷል፣ እማማም ሞታለች፤ እኔ ግን ሳሙናው ተገዛ ወይስ አልተገዛም እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለውን ይለቅማል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ የአሮጌ ዕቃ ገበያ መሄድ አለብን። አለብን የምለው ሹፌሩ እኔ ስለሆንኩ ነው፤ ከሚኖሩበት ከፍሌሚንግደን ፓርክ በአውቶቡስ ይሂድ ብል እህቴ ታኮርፈኛለች። ነጋዴዎቹ ጀርባው ንጹሕ የሆነውን ካርድ በውድ ይሸጣሉ፣ የተጻፈበትን እንደ ተበላሸ ይቆጥሩታል። ጋሽ በየነ የሚፈልገው የተበላሸውን ነው። ዳግ የሚባል ጆሮው የከበደ ሽማግሌ ነጋዴ እየለየ ያስቀምጥለታል።

ዋልተርን ያመጣብን ይህ ዳግ ነው። አንዲት አሮጊት ሞተው የቤታቸውን ዕቃ በጅምላ ገዝቶ ኖሮ፣ ካርቶኑን በፈታ ቁጥር አንድ ሁለት ካርድ ይዞ ይመጣል። ሁሉም አንድ ዋልተር የሚባል ልጅ ለእህቱ ለኢዲት የጻፋቸው ናቸው። ዋልተር የብስኩት ፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ በፋብሪካው ቡድን ውስጥ ኳስ ወርዋሪው እሱ ነው። ጋሽ በየነ ካርዱን መኪና ውስጥ ጮክ ብሎ ያነብልኛል፣ ወዲያው ወደ አማርኛ ይመልስልኛል። መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። «አሸነፍን፤ ሃሪ ጓደኛዬ ከደስታው ብዛት ኮፍያውን ሐይቅ ውስጥ ጣለ» ይላል አንዱ።

ቀጥሎ የመጣው ግን እንዲህ ይላል፦ «ጎኔን ትንሽ ይወጋኛል። ስወረውር ይተወኛል፣ ማታ ይመለሳል።»

ጋሽ በየነ አንብቦ ሲጨርስ እጁን ከጎድኑ በታች አሳረፈና «እኔንም እዚሁ ጋ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ የሰው ፊት መገርጣት ሲጀምር ከዘመድ በፊት የምናየው እኛ ነን። የዚያን ቀን ዘወር ብዬ አየሁትና ፈራሁ።

በስንት ልመና ፋሚሊ ዶክተሩ ጋ ሄደ። ዶክተሩም ስካን እንዲነሳ ላከው። ቀኑ ሲደርስ አፖይንትመንቱን ካንስል አድርጎት አገኘሁት።

«ምን ሆነህ ነው ጋሼ?» አልኩት።

«እስኪ መጀመሪያ የዋልተርን መጨረሻ ልይ።»

«ዋልተር ሐኪምህ ነው እንዴ?»

«እሱን የያዘው ነው እኔን የያዘኝ» አለ። «ቦታው አንድ፣ አመጣጡ አንድ። እሱን ሕመሙ እንዲሁ ከተወው እኔ ምን ብዬ እቀደዳለሁ?»

«ካልተወውስ?»

የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ ውጭ ውጭውን ማየት ጀመረ። ይኼ በረሃውን በእግሩ አቋርጦ ሱዳን የገባ ሰው ነው። ሐኪም ፈርቶ ነበር፤ የሚሰማውን ነገር ስም እንዳያወጡለት ፈርቶ ነበር። ስሙን ከማያውቁት ሰው፣ ከሞተ ሰው፣ በፖስታ መስማት ቀለለው መሰለኝ። ተናድጄ እስከ ቤት ድረስ አላናገርኩትም።

የመጨረሻው ካርድ የመጣ ዕለት ጋሽ በየነ ከአልጋ መነሳት አቅቶት ነበር። «ዳግ ጋ ብቻሽን ድረሺልኝ» አለኝና ሄድኩ። ዳግ ካርዱን በፕላስቲክ አድርጎ ሰጠኝ፣ ሒሳብ አልቀበልም አለ። «የመጨረሻው ነው፤ ልጁ ሞቷል፤ ለወዳጄ ማዘኔን ንገሪልኝ» አለኝ። ገልብጬ አየሁት። ከላይ እስከ ታች ተጽፎበታል፣ ለእኔ ግን የተጠላለፈ ክር ነው፤ አንድ ቃል አልለየሁም።

ወደ እህቴ ወደ እትዬ ጸሐይወርቅ ወሰድኩት። ማድቤት ቆማ ሽንኩርት ትከትፋለች። ነገርኳት። ቢላዋዋን አስቀመጠች፣ በሩን ዘጋች፣ ካርዱን ከእጄ ተቀበለች።

«የታመመ ሰው መርዶ አይነገረውም» አለች።

«የምን መርዶ? ሰውየው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።»

«ለበየነ አልሞተም» አለችኝ። «እሱ ከዳነ እኔም እድናለሁ ብሎ ነው የሚጠብቀው። ይኼን ከሰማ አልጋው ላይ ይቀርብኛል።»

ምን ልበላት? አባታችን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የገዛ ወንድሙን ሞት ደብቀነዋል፤ ድኖ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው የተረዳው። ወጉ ነው። እኔም ያደግሁት በሱ ነው። እትዬ ካርዱን በፕላስቲኩ እንደ ታሸገ የሽሮው ዕቃ ውስጥ ቀበረችው፤ ክዳኑን ገጠመችና መክተፏን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለጠላት አይስጥ። እሑድ እሑድ ብቻዬን ሄጄ እመለሳለሁ፣ እሱ ከሶፋው ላይ አንገቱን ያነሳል። «ዳግ ምን አለ?» «አልመጣም ጋሼ።» «ዛሬም?» «አሞት ይሆናል።» ይህን ስለው የሽሮውን ዕቃ ላለማየት ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። በጋው አልቆ ቅጠሉ መርገፍ ጀመረ። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር በሳ። እህቴ ሥጋ ታበላዋለች፣ አጥሚት ታጠጣዋለች፣ እየወፈረልኝ ነው ትላለች። እኔ ሥራ ቦታ አንዱን አንሶላ ሁለቴ አነጥፋለሁ።

አንድ ቀን እነሱ ቤት ሽንት ቤት ገባሁ። መቀመጫው ጠርዝ ላይ ደም አለ፤ ጠርጎታል፣ ግን በደንብ አልጠረገውም። ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ፊቴን አየና ሁሉን ተረዳ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ለጸሐይ እንዳትነግሪያት» አለኝ በሹክሹክታ።

በሊፍት ወርጄ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ፣ ቁልፉን ማስገባት ግን አቃተኝ። አስቡት እንግዲህ። እሷ ከሱ የደበቀችውን እኔ አውቃለሁ፣ እሱ ከሷ የደበቀውን እኔ አውቃለሁ፣ ሰውየው በመሃል እየሞተ ነው። መሪውን ይዤ አለቀስኩ። ሳበቃ ተመልሼ ወጣሁና ማድቤት ገብቼ ለእህቴ ስለ ደሙ ነገርኳት። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «በይ ጋሽ እዝራን ጥሪልኝ፤ መርዶው ይነገረው» አለች።

ጋሽ እዝራ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ እዚያው ሕንፃ ላይ ይኖራሉ። ለሐበሻው መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው፤ ጠዋት በሩ ላይ እሳቸውን ያየ ሰው «ማን ሞተ?» ነው የሚለው።

«ሟች ለበየነ ምኑ ነው?» አሉኝ።

«ምኑም አይደለም ጋሼ። የፖስትካርድ ሰው ነው፤ የድሮ ኳስ ተጫዋች።»

ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም። «እየጠበቀው ነው?» አሉ።

«አዎ፤ ሐኪም ቤት መሄዱንም ያቆመው እሱን እየጠበቀ ነው።»

«እንግዲያው መርዶ ነው፤ በወጉ ይነገረው» አሉና ካፖርታቸውን እንዲያዘጋጅላቸው ለልጃቸው ተናገሩ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ገባን። እትዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ጋሽ በየነ በፒጃማው ሆኖ ከመኝታ ቤት ሲወጣ ሦስታችንን በተርታ ቆመን አየን። ግድግዳውን ያዘ።

«ታዴዎስ ነው?» አለ። አዲስ አበባ ያለ ታናሽ ወንድሙን ማለቱ ነው። ድምፁ ሲወጣ የሌላ ሰው ነበር። እንዲህ እንደሚያስብ አንዳችንም አስቀድሞ አልታየንም፤ በፍርሃት ሊገድሉት የመጡ ሰዎች ሆነን ቆምን።

«ታዴዎስ ደህና ነው፤ ተቀመጥ» አሉት ጋሽ እዝራ። ተቀመጠ። «በየነ፣ ያው የሰው ልጅ መንገዱ ይህ ነው። ዋልተር አርፏል።»

ጋሽ በየነ በየተራ አየን። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እየሳቀ ነው ብዬ ነበር፤ እያለቀሰ ነበር። እትዬም አብራው አለቀሰች፤ ጋሽ እዝራ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ካርዱስ?» አለ ቆይቶ።

እትዬ የሽሮውን ዕቃ አመጣች። ካርዱን አወጣችና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ጋሽ በየነ ማጉያ መነጽሩን ይዞ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ከዚያ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ ወደ አማርኛ መለሰልን።

«የተከበርሽ ኢዲት፣ እኔና የቡድኑ ልጆች የዋልተርን ጓንት ልከንልሻል። ሐኪሙ እንደነገረን፣ ሲጀምረው በጸደይ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ተቆርጦ የሚወጣ ትንሽ ነገር ነበረ። ለማንም አልተናገረም። ፈርቶ ነበር፤ እኛን ያስቀን ነበር። ሃሪ።»

ማጉያውን አስቀመጠ። እንዲያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም፤ ድምፁን ግን አልጨመረም።

«ይኼን ነው የደበቃችሁኝ?»

«መሞቱን ነው የደበቅንህ» አለች እትዬ።

«መሞቱንማ አውቃለሁ። በመቶ ዓመት ውስጥ ማን ሳይሞት ይቀራል? በሕመሙ ሞተ ወይስ በእርጅና የሚለውን ነው የምፈልገው።» ካርዱን አነሳና አሳያት። «በሽሮ ውስጥ ቀብራችሁት ሲጠራኝ የነበረው ይኼ ነው።»

እትዬ ጸሐይወርቅ ቀና ብላ አየችውና «ደሙስ?» አለችው። «ደሙን ለማን ነበር የምትነግረው?» ወደኔ ዘወር አለ። እኔ ዓይኔን አልሰበርኩም። ያን ጊዜ ቁጣው ሁሉ ከፊቱ ወረደና ያረጀ፣ የፈራ ሰው ብቻ ቀረ። ጫማውን ጠየቀ፤ ኢመርጀንሲ የወሰድኩት የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው።

ስካን አደረጉት፣ ከውስጡ ቆንጥረው ለምርመራ ወሰዱ፣ ውጤቱን እንደውላለን ብለው ወደ ቤት ሰደዱት። ያ መጠበቅ ከሁሉ ባሰ። እዚያ ቤት ስልክ የምታነሳው እትዬ ናት። ክፉ ወሬ ሲሆን ይዛው መኝታ ቤት ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ አጣርታና አቅልላ ትወጣለች። ስንት ዓመት እንዲሁ ኖረዋል።

ስልኩ ሲጮኽ እኔም ነበርኩ። እትዬ አንስታ አዳመጠች፤ መልኳ ተለወጠ። ስልኩን እንደያዘች ወደ መኝታ ቤቱ አመራች፣ መዝጊያውን ጨበጠች፣ ከዚያ እዚያው ቆመች። ጀርባዋን ብቻ ነው የማየው። ጋሽ በየነም ሶፋው ላይ ሆኖ ያያታል። ተመልሳ መጣችና ስልኩን ሰጠችው።

«ላንተ ነው» አለችው።

ተቀበለና በሁለት እጁ ያዘው። ሐኪሙ ሲናገር እኔ ጋ የሚደርሰው ድምፁ ብቻ ነው። ጋሽ በየነ «የስ፣ የስ» ይላል። ከዚያ ስልኩን ከጆሮው ትንሽ አራቀና እህቴን አያት። ዘወር ያለ ነገር አልተናገረም፣ አላቀለለላትም።

«ጸሐዬ፣ ካንሰር ነው። ኩላሊቴ ላይ ነው፤ ይቆረጣል እያለኝ ነው» አላት። «በጊዜ ደርሰህበታል ወይስ አልደረስክበትም የሚለውን ከፍቼ ሳይ ነው የማውቀው ይላል።»

እትዬ ፊቱ ተንበርክካ ጫማውን ፈለገች፤ በባዶ እግሩ ላይ ታጠልቀው ጀመር። ሐኪሙ የቀጠሮ ቀን እየጠራለት ነበር መሰለኝ፤ ጋሽ በየነ አቋረጠው።

«ዛሬ ብመጣስ?» አለው በእንግሊዝኛ።