የልጄን አስተማሪ መርዶ የደበቅኩበት ቀን

ልጄ ጉንፋን ጥሏት በተኛችበት ቀን ስልኳ ኩሽና ውስጥ ቻርጅ ላይ ነበር። ደጋግሞ ሲጠራ አነሳሁት። አንዲት ፈረንጅ ሴት ታለቅሳለች። እንግሊዝኛዬ ጥቂት ነው፤ መሞትን ለመስማት ግን ይበቃል። የሞተው የልጄ አስተማሪ ነው።

ክው አልኩ። ሰውየውን አውቀዋለሁ። ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሽማግሌ ነው፤ ለሁለት ፋሲካ ለንደን፣ ቶተንሃም ካለው ቤታችን መጥቶ ዶሮ ወጥ በልቷል። ልጄ «አስተማሪዬ ነው» ስትለኝ የምን ብዬ አልጠየቅኩም። ሂሳብ ተምራለች፣ ሥራዋም ኮምፒውተር ላይ ነው። በቃ፣ የሂሳብ አስተማሪ አድርጌ ያዝኩት።

ሴትዮዋ «ዛሬ» እና «ወንበር» የሚሉ ቃላት ደጋገመች። አልገባኝም። «እሺ፣ እሺ» ብዬ ስልኩን አጠፋሁና ከሻይ ቅጠሉ ቆርቆሮ ጀርባ ደበቅኩት።

እኔ የእናቴን መርዶ የሰማሁት በስልክ ነው፤ ወደ ሥራ ስሄድ፣ አውቶቡስ ውስጥ። ስጮህ ሰው ሁሉ ከአጠገቤ ሸሸ። ልጄ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደርስ ከተወለደች ጀምሮ ስፈራ ኖሬያለሁ። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዝ እጅ ባለበት ነው።

«እማዬ፣ ስልኬስ?» አለች ከመኝታዋ።

«እሱም ይረፍ፣ አንቺም እረፊ።»

በማግስቱ ማለዳ ታች ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ከሁለት የቤተ ክርስቲያን እህቶች ጋር ጥቁር ለብሰው መጡ። ልጄ በፒጃማ ብቅ ስትል አየቻቸውና ግድግዳውን ያዘች።

«ማነው የሞተው?»

«አስተማሪሽ ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አቀፍናት፣ አብረን አለቀስን። ሁሉም እንዳሰብኩት ሆነ። ከዚያ ቀና አለችና «መቼ ነው የሰማችሁት?» አለች።

«ትናንት ጠዋት» አልኩ።

ፊቷ ተለወጠ። «ትናንት ከሰዓት ሸኝተውታል ማለት ነው! እኛ ጋ አንድ ታላቅ ተጫዋች ሲሞት መርዶው በተነገረበት ቀን ከሰዓት ወንበሩ ባዶ ይደረግና ለመጨረሻ ጊዜ ካርታ ይታደልለታል። ካርታውን ሳይገልጥ የሚያነሳለት በጣም የሚቀርበው ሰው ነው። እኔ ነበርኩ እኮ፣ እማዬ! ተሸክመውኝም ቢሆን እሄድ ነበር።»

«የምን ካርታ?»

«የፖከር ነዋ። ምን ያስተማረኝ መስሎሽ ነበር? ሥራዬ ነው። የሱም ሥራ ነበር፣ ዕድሜውን ሙሉ።»

እትዬ ነጠላቸውን ከዓይናቸው አወረዱ። «ለቁማርተኛ ነው እንዴ በባዶ ሆዴ ያስለቀስሽኝ? አንቺ ሴትዮ፣ ፈረሰኛውን እኮ ነው ከድስት ያወጣሽለት!»

አንዷ እህት ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች። በድንጋጤ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ «ታዲያ ይደገምላት።»

«ሽኝት ይደገማል?» አለች ልጄ። ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

በአራተኛው ቀን «ውሰጂኝ» አልኳት። ቀትር ላይ ወደሚጫወቱበት ቤት ሄድን። ጭስና ጩኸት ነበር የጠበቅኩት፤ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ጸጥ ያለ አዳራሽ ነው። ግድግዳው ላይ የሞቱ ተጫዋቾች ፎቶ ተሰቅሏል። አንዱ ላሸነፈው ሰው ብድግ ብሎ እጁን የሚጨብጥ ነበር አለችኝ። አንዱ ባርኔጣው ሥር የተኛ ይመስላል፣ ግን ሁሉን ያያል። ጋዜጣ ላይ የወጡ፣ ብዙ አገር የሚያውቃቸው ሰዎች ናቸው። መጨረሻ ላይ የኛ እንግዳ አለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ። ልጄ ከነዚህ ሰዎች ጋር ስንት ዓመት ስትኖር እኔ ከጎኗ ባለው ክፍል ተኝቻለሁ።

ጥግ ላይ ሹራብ የምትሠራ ጠና ያለች ሴት ተነስታ አቀፈችኝ። በስልክ ያለቀሰችው እሷ ነበረች፤ ለካ እሷም ተጫዋች ናት። ስልክ ቁጥሬን ጻፍኩላት። «ልጄን ካጣችኋት ለኔ ደውሉልኝ» አልኩ። ልጄ ሳታየኝ ተረጎመችላት።

ባለፈው ወር ተደወለልኝ፤ የወንድ ድምፅ ነው። ያቺ ሹራብ የምትሠራዋ ሞታለች፤ ሽኝቷ ዛሬ ከሰዓት ነው። ወዲያው ለልጄ ደወልኩ።

«የት ነሽ?»

«አውቶቡስ ውስጥ። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ፌርማታ ልደርስ ነው። ምነው?»

አውቶቡስ ስትል የእናቴ መርዶ ትዝ አለኝ። ቤት እስክትመጣ ልጠብቅ? እትዬን ልጥራ?

«እዚያ ያለውን ብረት ያዢ» አልኳት። «ያዝሽ?»

«ያዝኩ።»

«ሹራብ የምትሠራዋ ሞተች።»

የአውቶቡሱ ደወል ይሰማኛል።

«ሽኝቱ መቼ ነው?»

«ዛሬ። አሁን ከተመለስሽ ትደርሻለሽ።»

«ወረድኩ እማዬ» አለች እያለቀሰች። «ወረድኩ።»