የቡና አበባና የጋሼ ፈይሳ ብድግ ቁጭ

እኔ መቱ ውስጥ ሰርግ የምቀርጽ ሰው ነኝ፤ ማንም ሳያስተምረኝ ከሁሉም የበለጥኩ። ካላመናችሁ እኔኑ ጠይቁኝ። ማዶ ያለው ፎቶ ቤት ባለቤት ደሳለኝ ግን «አንተ ከኬክ ቆረሳ ሌላ ምን ታውቃለህ?» ብሎ በሰው ፊት ዘለፈኝ። «የቡና አበባ ሲፈነዳ ቀርጬ ካላሳየሁህ ካሜራዬን ውሰድ!» አልኩት።

ቡና የሚያብበው የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ሳምንት አለፍ ሲል ነው። ባንዴ ነጭ ይለብሳል፣ በሁለት ሦስት ቀን ይረግፋል። ካመለጠኝ እስከ ከርሞ ካሜራዬን ከደሳለኝ እየተዋስኩ ልሰራ ነው! ስለዚህ ወዳጄ ጋሼ ፈይሳ ከያዮ ደውለው «ነገ ጠዋት ይፈነዳል፣ ና» ሲሉኝ የካሜራ መቆሚያ ትሪፖዴን ታቅፌ ሚኒባስ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

ሁሩሙ ላይ ሙዝ ገዛሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ትሪፖዱን አይታ «የምን ጠመንጃ ነው?» አለች። «የአበባ» አልኳት። ወንበሯን ቀየረች። ከያዮ ወዲያ በሞተር፤ ግማሹን መንገድ ሞተሩ ተሸከመኝ፣ ግማሹን እኔ ሞተሩን።

ጠዋት፣ ጫካው ውስጥ

ሲነጋጋ ካሜራዬን እምቡጥ የሞላው ቅርንጫፍ ፊት ተከልኩ። ታይም ላፕስ ይሉታል፦ ካሜራው ቦታው ላይ እንደቆመ በየጥቂት ሴኮንዱ አንድ ፎቶ ያነሳል፤ ፎቶዎቹ ተቀጣጥለው ሲታዩ ጠዋቱ በሙሉ ግማሽ ደቂቃ ይሆናል። «ጋሼ፣ ጦጣ እንዳይነካብኝ ይጠብቁልኝ» ብዬ እቤታቸው ቂንጬ በማር ልበላ ገባሁ። ማሩ ጥሩ ስለነበር ቆየሁ።

ስመለስ ጋሼ ፈይሳ ከአበባው ኋላ፣ ካሜራው ፊት ለፊት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል!

«ውይ ጋሼ! ፊልሙ ውስጥ ገቡብኝ!»

«ጠብቅ አላልከኝም? ደህና የሚታየኝ ከዚህ ነው።»

«በቃ፣ አሁን ከተነሱ ጭራሽ ይበላሻል። ንቅንቅ እንዳይሉ!»

ለካ የገበያ ቀን ነው። አንዲት እናት ቅርጫት ተሸክመው በአጠገባችን በምታልፈው ቀጭን መንገድ ብቅ አሉ። ጋሼ ብድግ! «አካም ቡልተን!» እንዴት አደሩ ማለታቸው ነው።

«ጋሼ፣ በናትዎ!»

«ሰው ሲያልፍ ቁጭ ብዬ? ለአበባህ ስል ባለጌ ልባል?»

ቁጭ አሉ። ሌላ ሰው መጣ። ብድግ። ያን ጠዋት ያዮ በሙሉ በዚያች መንገድ ያለፈ መሰለኝ።

መቱ፣ ደሳለኝ ፎቶ ቤት

ሰዉ ተሰብስቦ አየ። አበባው ይከፈታል፤ ከኋላው ጋሼ ፈይሳ እንደ ስፌት መኪና መርፌ ብድግ ቁጭ፣ ብድግ ቁጭ። ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ካሜራዬን ከአንገቴ ላወልቅ ስል ደሳለኝ «ድገመው» አለ። ደግሞም «ድገመው»። ሳቁ ቆመ።

«አንድ ሰው በአንድ ጠዋት ይሄን ያህል ለሰው ይነሳል እንዴ?» አለ።

እኔም ያኔ ነው የገባኝ። ታይም ላፕስ ከዝግታው የተነሳ የማናየውን ብቻ ያሳያል ብዬ ነበር፤ ከመደጋገሙ የተነሳ ማየት የተውነውንም ያሳያል።

ይሄን ስናወራ አንድ ሽማግሌ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ሁላችንም ብድግ። ደሳለኝ አየኝ፣ አየሁት፣ ሳቅን።

ካሜራዬ እስካሁን እኔው ጋ ነው።