እናቴ ለወንድሜ የነገረችው እብጠት

ታናሽ ወንድሜ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ በገባ በዓመቱ ከእኔ ወጥ ውስጥ ሽንኩርት ጠፋ። ከገበያ ጠፋ ማለቴ አይደለም፤ በደርግ ጊዜ ከገበያ ስኳሩም ሳሙናውም በየተራ ይጠፋ ነበር፣ ለምደነዋል። ይሄኛው የጠፋው ከእኔ ሳህን ብቻ ነው። እናታችን ከዘንቢሉ ወፍራም ወፍራሙን እየመረጠች ለእሱ ታስቀምጥለታለች፤ እሱ ደግሞ ውሃ በሞላ ብርጭቆ አፍ ላይ እያስቀመጠ ሥር ያበቅልበታል። የሽንኩርት ሥር ጫፍ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሴሎቹ ለሁለት ሲከፈሉ ይታያሉ አሉ። እኔ የቤቱ ታላቅ፣ ፒያሳ ቀኑን ሙሉ የሰው ሱሪ ስሰፋ ውዬ ዶሮ ማነቂያ ቤታችን ስገባ የሚጠብቀኝ ግን በርበሬ የተበተነበት ሙቅ ውሃ ነው።

ፒያሳ ላይ የተከበርኩ ሰው ነበርኩ። ኬክ ቤቱ ውስጥ ማኪያቶ ያዘዘ ሰው እኔ ወሬዬን ሳልጨርስ ስኳሩን አያማስልም። ባንኮኒው ኋላ ያለው ሰውዬ እንኳ በሳቅ ብዛት ሁለት ጊዜ ጥርሱን አስነቅሏል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። እናቴ ግን በቀልዴ መሳቅ ካቆመች ቆይታለች። ገና አፌን ስከፍት መጨረሻውን ታውቀዋለች። ወንድሜ፣ ያ የሬዲዮ ዜና አንባቢ የመሰለ ፋራ፣ አንድ ቃል ሲተነፍስ ግን የያዘችውን ሁሉ አስቀምጣ ፊቱ ትቀመጣለች።

አንድ ሴል ሁለት ከመሆኑ በፊት በሆዱ ያለውን መመሪያ በሙሉ ይገለብጣል፤ ከዚያ ለሁለቱም ግማሽ አንድ አንድ ሙሉ ቅጂ አድሎ ይከፈላል ይላታል። ሰው ሁሉ ከአንዲት ሴል ነው የሚጀምረው ይላታል። ስለ ህዋስና ስለ መከፋፈል ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ብድግ ብላ መስኮት ትዘጋለች፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ወሬ ጎረቤት ከሰማው የድብቅ ድርጅት ህዋስ መስሎት ሰው ያስወስዳል። ዘግታ ተመልሳ ግን ቀጥል ትለዋለች። ቀጥል! እኔን አንድ ቀን ቀጥል ብላኝ አታውቅም።

አንድ እሑድ ስገባ ሁለቱም ዝም አሉ። እናቴ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሳብ አደረገች። በሚቀጥለውም ሳምንት፣ ከዚያ በኋላም እንደዚያው፤ እኔ ስገባ ወሬ ይቆማል። በቅናት አበድኩ። ቤቱን ልታወርሰው ነው አልኩ። ወይ ሞስኮ ለትምህርት ሊላክ ነው፣ ሻንጣም ተገዝቷል ብዬ አልጋ ሥር በሆዴ ተኝቼ ፈለግሁ። ያገኘሁት ሽንኩርት ነው።

በመጨረሻ አንድ ቀን ከክፍል ሲወጣ ጠብቄ ያዝኩት። ከአራት ኪሎ ፒያሳ እስክንደርስ እያቅማማ ቆይቶ ነገረኝ። እናታችን ግራ ጡቷ ላይ እብጠት አለባት፤ ከጀመራት ቆይቷል፤ ሐኪም ቤት ሂጂ ቢላት እምቢ ብላለች። ለእኔ እንዳይነግርም አስምላዋለች።

"ለእኔ ለምን?" አልኩት።

"ይቀልድበታል ብላ ነው።"

ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ አይደል? እኔ መጀመሪያ ቀናሁ። የእናቴ ሕመም እንኳ ከእኔ አልፎ እሱ ዘንድ ሄደ ብዬ ቀናሁ። ድንጋጤው የመጣው ትንሽ ቆይቶ ነው፤ ሲመጣ ግን የወርቅ ቤት ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ።

እምቢ ያለችው ፈርታ ነበር። ሰፈራችን ያደገበት እምነት ነው፤ ነቀርሳ ዝም ካሉት ይተኛል፣ ቢላ ከነካው ግን ተቆጥቶ መላ ሰውነት ውስጥ ይበተናል። ጎረቤቶቿ ሐኪም የነካቸውን ሁሉ በስም እየጠሩ የት እንደተቀበሩ ይነግሯታል። ወንድሜ በሳይንስ ቋንቋው ቢያስረዳ ቢያስረዳ ንቅንቅ አላለችም። እኔ ደግሞ እንደማውቅ ማወቅ የለባትም፤ ስለዚህ በገዛ ቤቴ የማላውቅ መስዬ ጥርሴን ነክሼ እበላለሁ።

አንድ ማታ በሩን ልከፍት ስል የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ። ስለ እኔ ሱሪዎች እያወራ ነው።

የሱሪዎቹ ነገር እንዲህ ነው። ቀበሌው ለአብዮት በዓል ሰልፍ ለጥበቃ ጓዶቹ የካኪ ሱሪ አሰፍቶን ነበር። የመጀመሪያውን በልክ ማውጫው ካርቶን ቆረጥኩ። ከዚያ ሰነፍኩና ካርቶኑን ትቼ የቆረጥኩትን ጨርቅ በሚቀጥለው ላይ እያነጠፍኩ፣ ዙሪያውን በጠመኔ እያሰመርኩ፣ ከመስመሩ ውጪ እየቆረጥኩ ቀጠልኩ። እያንዳንዱ ሱሪ ካለፈው በአንድ የጠመኔ መስመር ይሰፋል። የመጨረሻው ሱሪ ሁለት ጥበቃ ከነጠመንጃቸው በአንድ እግሩ ይይዝ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር በአብዮቱ ታላግጣለህ ወይ ብሎ ሲያፈጥብኝ፣ ጓድ፣ አብዮቱ እያደገ ስለሚሄድ ነው ብዬ ተረፍኩ። ይህን ወሬ ኬክ ቤት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስንቱን በሳቅ አፍርጬበታለሁ። እናቴ ግን ሰምታው ፈርታ አልቅሳለች እንጂ አልሳቀችም።

ወንድሜ ይሄን የእኔን ወሬ፣ የእኔን ጉድ፣ አንስቶ ሴልም እንዲሁ ነው ይላታል። ቅጂው ከቅጂ ላይ ነው የሚቆረጠው። እርግጥ በውስጡ የሚቆጣጠር አለ፤ ስህተት ካየ ያርማል፣ የማይታረመውንም ሴል ያስቆመዋል ወይም እንዲሞት ያደርገዋል። አልፎ አልፎ ግን አንዲት ስህተት ታመልጣለች፣ በላይዋ ሌላ ይደረብባታል፣ ዓመታት አልፈው ቁም ሲባል የማይሰማ፣ ሙት ሲባልም የማይሞት ሴል ይወጣል። ነቀርሳ ማለት እሱ ነው። ዝም ሲሉት አይተኛም፤ ይከፈላል፣ ልጆቹም እንደሱ ናቸው። መጀመሪያ በቦታው ነው፤ ከቆየ ግን ከፊሉ ተነስቶ ሌላ ቦታ ይሰፍራል።

"እማዬ፣ የሚበትነው ቢላው አይደለም፤ መዘግየቱ ነው" አላት።

"አሁን ስንተኛው ሱሪ ላይ ነን?"

"አላውቅም። ካልታየ አይታወቅም።"

ከዚያ ሊቀመንበሩ ትዝ አላት መሰለኝ፣ ሳቀች። ዕንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ሳቋ ሲበርድ፣ እሺ ውሰደኝ አለችው። እኔ ደጅ ቆሜ ደስታና ቅናት አንድ በር ላይ ተጋፉብኝ፤ በቅጡ የገባ የለም። በእኔ ቀልድ፣ በእሱ አፍ፣ እንደዚያ ስትስቅ!

አንባቢ እንዳይጨነቅ ልናገር፤ እናታችን ከዚያ በኋላ ደርግን ሸኝታ ብዙ ዓመት ኖራለች። ያን ጊዜ ግን ማንም ይህን አያውቅም። ጡቷ ተቆርጦ ወጣ፣ ሥጋው ተመርምሮ ውጤቱ ከቀናት በኋላ መጣ። በዚያ ዘመን ክፉ ውጤት ለታማሚ አይነገርም፤ ሐኪሙ ታላቁን ልጅ ይጠራል፣ ታላቁም ውጦ ይስቃል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሜ የማያውቀው አንድ ምስጢር በእጄ ገባ። ሐኪሙ ነቀርሳ ነው አለኝ፤ ብብቷ ሥር ግን ተዛምቶ አላገኙትም፤ ቢሆንም ክትትል ያስፈልጋታል። ለወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ነገርኩት፤ ፊቱ አመድ ሆነ። ስለ ሴል ያን ያህል የሚያውቅ ሰው የሚፈራውም ያንኑ ያህል ነው።

እናቴ ከእንቅልፏ ስትነቃ የጠራችው እሱን ነው። እኔ ለእሷ የገዛሁትን ብርቱካን እንደታቀፍኩ ደጅ ቀረሁ። የእሱ ፊት ውሸት አይችልም፤ ይህን ታውቃለች፣ ለዚህም ነው የጠራችው። በቆየ ቁጥር ብርቱካኑን ስጨምቀው ሸሚዜ ራሰ። በመጨረሻ በሩን ከፍቶ ትጠራሃለች አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

"እሱ እውነቱን ነግሮኛል" አለች እናቴ። "አሁን አንተ ቁጭ በልና ዋሸኝ።"

ቁጭ አልኩና ዋሸኋት። ሐኪሙ አንቺን ካየ ወዲህ እህል አልበላም፣ ይሄ የሃያ ዓመት ልጃገረድ ገላ ነው እያለ ነርሶቹን አስቸግሯል፣ የፊታችን እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ነው፣ እኔም እንደ ታላቅ ልጅ ጥሎሽ ቮልስዋገን ጠይቄበታለሁ አልኳት። ስፌቱ እንዳይፈታባት ጎኗን በአንድ እጇ ይዛ ሳቀች፣ አታስቀኝ እያለችም ቀጥል አለችኝ። ቀጠልኩ። ሽማግሌዎቹን በየተራ አስገባሁላት።

ሌላው እጇ ግን ያን ሁሉ ጊዜ የእሱን እጅ እንደያዘ ነበር። አይቻለሁ።